ውሻዬን አደራ ሰጥቼ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ውሻ ነው። ይህን ስታነቡ ፈገግ የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። «ስለ ጾም፣ ስለ ጸሎትና ስለ ንስሐ ስትጽፉልን ቆይታችሁ አሁን ደግሞ ስለ ውሻ?» የሚልም አይጠፋም። ነገር ግን እስከ መጨረሻው እንድትታገሡኝ እለምናለሁ። ነገሩ በውሻው ይጀምራል እንጂ በውሻው አያልቅም።

ውሻው ቡቺ ይባላል። አባቴ ከማረፉ ሦስት ዓመት በፊት፥ ገና ቡችላ ሳለ፥ በካርቶን አድርጎ ወደ ቤት አመጣው። እናቴ መጀመሪያ ላይ ተቆጥታ ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን ፍርፋሪውን የምትሰበስብለት እርሷው ሆነች። አባቴ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ከሥራ ሲመለስ ቡቺ ኮቴውን ከሩቅ ለይቶ ያውቃል። እኛ ምንም ሳንሰማ እርሱ ተነሥቶ በሩ ሥር ይቆማል፤ ጥቂት ቆይቶ በሩ ይንኳኳል። ይህ በየማታው የሚሆን ነገር ስለ ነበረ ማናችንም ልብ አንለውም ነበር።

አባቴ ያረፈ ጊዜ ድንኳን ተጣለ፤ ለቀስተኛው ሲገባና ሲወጣ እንዳያስቸግር ቡቺ በጓሮ ታስሮ ሰነበተ። ከሠልስቱ በኋላ ስፈታው በቀጥታ ወደ በሩ ሄደና ተኛ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ተነሣ፤ ጆሮውን አቁሞ ቆመ። ሲጨልም ተመልሶ ተኛ። በማግስቱም እንዲሁ አደረገ። አርባው ወጣ፤ ቡቺ ግን መጠበቁን አልተወም። ለሰው «አረፈ» ብሎ ማርዳት ይቻላል፤ ሰውም አልቅሶ፣ ተዝካር አውጥቶ፣ በትንሣኤ ተስፋ ይጽናናል። ለውሻ ግን ማን ያረዳዋል? ከብዙ ወራት በኋላ እኔ ከዩኒቨርሲቲ የምመለስበትን ሰዓት ለመደ። እንግዲህ በሩ ሥር የሚቆመው እኔን እየጠበቀ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፤ አባቴን ይጠብቅበት በነበረው ቦታ ሲጠብቀኝ ማየት ለእኔም መጽናኛ ሆነልኝ።

ባለፈው መስከረም እናቴና እኔ ከጉዞ ማኅበር ጋር ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ ለመሄድ ቆረጥን። አባቴ በሕይወት ሳለ «አንድ ቀን አብረን እንሄዳለን» እያለ ሳይሆንለት የቀረ ጉዞ ነበር። የመስቀልን በዓል በሰፈራችን አክብረን መስከረም 18 ማለዳ ተነሥተን፥ መስከረም 21 ቀን በዓሉን በዚያ አክብረን፥ መስከረም 24 ለመመለስ ነበር ያሰብነው። ስንቁ ተሰናዳ፤ ነጠላው ታጠበ። የቀረው የቡቺ ነገር ብቻ ነበር።

በአንድ አጥር የምንዋሰናቸው አንዲት አረጋዊት ጎረቤት አሉን። ሰፈሩ ሁሉ እማማ ይላቸዋል። ባላቸውን ከቀበሩ ቆይተዋል፤ አንዲት ልጃቸውም በቤይሩት ተቀጥራ ትሠራለች። ቡቺን ገና ከቡችላነቱ ያውቁታል፤ እርሱም ያውቃቸዋል። ቤቱን እየጠበቀ በግቢያችን እንዲቆይ፥ እርሳቸው ጠዋትና ማታ እየመጡ ምግብና ውኃ እንዲሰጡት ተነጋገርን። ቁልፉንና ለአጥንት መግዣ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ሰጠኋቸውና «እማማ፥ አደራ!» አልኋቸው።

«ሂድ ልጄ፥ በሰላም ያግባችሁ። እኔ እያለሁ ውሻህ ጾሙን አያድርም» አሉኝ።

አደራ የሚለውን ቃል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በእኛ ዘንድ ከውል በላይ የሚከብድ ቃል ነው። ያን ማለዳ አደራ ሰጪ እንጂ ተቀባይ መሆኔን አላሰብኩም ነበር።

አውቶቡሱ ከአዲስ አበባ ወጥቶ መዝሙሩ ሲጀመር ሁሉም ደስ ብሎት ያጨበጭባል። እኔ ግን በሩ ሥር የቆመውን ውሻ በዓይነ ልቡናዬ አያለሁ። በደብረ ብርሃን ብርድ ውስጥ አልፈን፥ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስንወርድም አሳቤ ከዚያው አልተላቀቀም። «አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ይነሣል፤ ይጠብቃል፤ እኔም አልመጣም። እንደ አባቴ እኔም የቀረሁ ይመስለዋል» እያልኩ እጨነቅ ነበር። በአሜሪካ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ወደ ሀገር ቤት ሲመጣ ውሻውን ለዚሁ በተቋቋመ ማደሪያ በቀን ሒሳብ እየከፈለ ይተወዋል፤ ከዚያም በየቀኑ ፎቶግራፍ ይልኩለታል። ስልኩን ደጋግሞ እያየ ሲተክዝ ስቄበት ነበር። በዚያ አውቶቡስ ውስጥ ግን ሳቄን በልቤ ይቅርታ ጠየቅሁበት።

ማታ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ደወልኩ። «እማማ፥ እንደምን አመሹ? ቡቺ በላ?» አልኋቸው። ሁለቱን ጥያቄዎች በአንድ ትንፋሽ ነበር ያልኋቸው፤ የመጀመሪያው ለወጉ ነው፥ መልስም አልጠበቅሁበትም። «በላ ልጄ፤ ጠግቦ ተኝቷል» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ዘጋሁ።

በማግስቱም ደወልኩ። «ቡቺ በላ? ውኃስ ጠጣ? በሩ ሥር ይቆማል ወይ?»

«ይቆማል። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ይነሣል» አሉኝ። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነበር፤ በመካከልም ጥቂት ዝም አሉ። ኔትወርኩ ነው ብዬ አለፍኩት። አንጀቴን የበላኝ የውሻው ነገር ነበር።

ግሸን ደረስን። ቦታውን ያላያችሁ እግዚአብሔር ያድርሳችሁ። በወሎ በአምባሰል የሚገኝ፥ በተፈጥሮው የመስቀል ቅርጽ ያለው አምባ ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የጌታችን ግማደ መስቀል ያረፈበት ስለሆነ መስከረም 21 ቀን ሕዝበ ክርስቲያን ከየአቅጣጫው ይሰበሰባል። ዳገቱን በእግራቸው የሚወጡ አረጋውያን፣ ድንጋይ ተሸክመው የሚወጡ ተሳላሚዎች፣ ሕፃናት ያዘሉ እናቶች፤ ሁሉም በአንድ ስም ይማጸናሉ። በዋዜማው ሌሊት ስልኬ አልሠራ አለኝ። ማኅሌቱ ተቁሟል፤ ከበሮው ይመታል፤ ጸናጽሉ ይንሿሿል፤ እኔ በመቋሚያዬ ተደግፌ ቆሜ ስለ ቡቺ አስባለሁ።

ከእኔ ጋር የመጣ አንድ ወንድም ፊቴን አይቶ ጠየቀኝና ነገርኩት። «ወንድሜ፥ ዲያቆን ሆነህ በዚህ በተቀደሰ ቦታ ስለ ውሻ ታስባለህ?» ብሎ ሳቀ። ለቀልድ ነበር፤ ግን ወጋኝ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ በልቤ መልስ ማዘጋጀት ጀመርኩ። መልሱን ለእናንተም ላካፍላችሁ፤ ይጠቅማልና።

እርግጥ ነው፥ በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ውሻ ወደ ቤተ መቅደስ አይገባም። በመጽሐፍ ቅዱስም ውሻ የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ለነቀፌታ ይነገራል፤ ቅዱስ ጳውሎስ የፊልጵስዩስ ምእመናን ከክፉዎች ሠራተኞች እንዲጠበቁ ሲያስጠነቅቅ በውሻ መስሏቸዋል (ፊልጵ. 3፥2)። ይሁን እንጂ ያው መጽሐፍ ለእንስሳት የሚራራ አምላክ እንዳለን ይነግረናል። የምድር እንስሳት የተፈጠሩት አዳም በተፈጠረበት በዕለተ ዓርብ ነው (ዘፍ. 1፥24-31)። እግዚአብሔር ለአዳም ያመጣለት፥ አዳምም በየስማቸው የጠራቸው እነርሱን ነው (ዘፍ. 2፥19-20)። በጥፋት ውኃ ጊዜ እግዚአብሔር ያሰበው ኖኅን ብቻ ሳይሆን በመርከብ ከእርሱ ጋር የነበሩትን አራዊትና እንስሳት ጭምር እንደሆነ ተጽፏል (ዘፍ. 8፥1)። የሰንበት ዕረፍት ለእንስሳትም ተሰጥቷል (ዘጸ. 20፥10)። የጠላትህ አህያ ከሸክሙ በታች ወድቆ ብታገኘው እንኳ አልፈኸው እንዳትሄድ ታዝዘሃል (ዘጸ. 23፥5)። ጠቢቡም የጻድቅ ሰው ምልክቱ ለእንስሳው ነፍስ መራራቱ መሆኑን ይነግረናል (ምሳ. 12፥10)።

ነቢዩ ናታን ንጉሥ ዳዊትን ሊገሥጸው በሄደ ጊዜ የነገረውን ምሳሌ አስታውሱ። አንድ ድሃ አንዲት ጠቦት ነበረችው፤ ከልጆቹ ጋር አደገች፤ ከእንጀራው ትበላ፣ በብብቱም ትተኛ ነበር፤ እንደ ልጁም ነበረች (2ኛ ሳሙ. 12፥1-4)። ሰው ለእንስሳው ያለው ፍቅር ከንቱ ነገር ቢሆን ኖሮ ዳዊት ያን ሰምቶ ስለ ድሃው ባልተቆጣ ነበር። በመጽሐፈ ጦቢትም ወጣቱ ጦብያ ከመልአኩ ከቅዱስ ሩፋኤል ጋር ሩቅ መንገድ ሲሄድ ውሻው ተከትሎት እንደሄደ እናነባለን፤ መልአክ በሚመራው ጉዞ ውስጥ ውሻ ቦታ አላጣም። የነነዌ ሰዎች በጾሙ ጊዜ እንስሶቻቸውም ጾመዋል፤ እግዚአብሔርም ለዮናስ የነነዌን ነገር ሲያስረዳው 120,000 ከሚበልጡት ሰዎች ጋር እንስሳቱንም ቆጥሯቸዋል (ዮና. 3፥7፤ 4፥11)።

ከቅዱሳን ወገን አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን እንመልከት። በሥዕላቸው ላይ 60 አናብስትና 60 አናምርት በዙሪያቸው ሆነው፥ የተጠማችውም ወፍ ከዓይናቸው ስትጠጣ እናያለን። ማር ይስሐቅም ርኅሩኅ ልብ ምን እንደሆነ ሲያስተምር ለሰው ብቻ ሳይሆን ለወፎችና ለአራዊት፣ ለፍጥረት ሁሉ የሚነድ ልብ መሆኑን ያስረዳል። እንግዲህ በአደራ የተውነውን እንስሳ መናፈቅ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ፈጣሪ በሰው ልብ ካኖረው ርኅራኄ የሚወጣ ነውና።

ይህን ሁሉ ለወንድሜ ነገርኩት። መልስ አጣ። እኔም በክርክሩ ስለረታሁ ደስ አለኝ።

በዓሉ ካለፈ በኋላ፥ ከመውረዳችን በፊት፥ አንድ በዕድሜ የገፉ መነኩሴ ዘንድ ቀርቤ መስቀል ተሳለምኩ። ያንኑ ነገር፥ የውሻውን ናፍቆትና በማኅሌት ላይ ያሳለፍኩትን ሌሊት፥ ለእርሳቸውም ነገርኳቸው። በልቤ ጥቅሶቹን እንደገና ለመደርደር ተዘጋጅቼ ነበር። እርሳቸው ግን አልገሠጹኝም፤ አላመሰገኑኝምም።

«ውሻው ማን ዘንድ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ጎረቤታችን ዘንድ ነው፥ አባ። አንዲት አረጋዊት እናት ይጠብቁልኛል።»

«እርሳቸውስ ማን ዘንድ ናቸው?»

ጥያቄው አልገባኝም። «ብቻቸውን ናቸው» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው «እግዚአብሔር ይፍታህ፤ በሰላም ግባ ልጄ» አሉኝና ወደሚቀጥለው ሰው ዞሩ። ቃላቸው የሚያጽናና መስሎ ስላልታየኝ ትንሽ ቅር ብሎኝ ወረድኩ። ኔትወርክ እንደተገኘም ለእማማ ደወልኩ። «እማማ፥ ቡቺ በላ?»

መስከረም 24 ማታ ደረስን። ገና ከሰፈሩ መታጠፊያ ስንደርስ የቡቺን ጩኸት ሰማሁ። በሩ ሲከፈት በእኔና በእናቴ መካከል የሚያደርገውን አጣ፤ ይዘላል፣ ይሽከረከራል፣ መሬት ላይ ተንከባሎ ይነሣል። አልከሳም፤ ጠጉሩም አልተጎሳቆለም። የውኃው ዕቃ ንጹሕ ነበር። የቀረሁ መስሎት እንደሆነ አላውቅም፤ መምጣቴን ግን አወቀ። እኔም ዕንባ ተናነቀኝ፤ አላፍርበትም።

እናቴ ከግሸን ያመጣነውን ጠበልና እምነት ይዛ «መጀመሪያ እማማን እናመስግን» አለችኝ። በሩን ብናንኳኳ ቶሎ አልከፈቱም። ከውስጥ «ግቡ ልጆቼ፥ ክፍት ነው» የሚል ድምፅ መጣ። ገባን። አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ቀኝ እግራቸው በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሎ በትራስ ላይ ተዘርግቷል፤ አጠገባቸው ምርኩዝ አለ።

እናቴ ጠበሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «ምን ሆኑ?» ብላ ወደ እግራቸው ጎንበስ አለች።

«አዳልጦኝ ነው። ዝናብ ዘንቦ ድንጋዩ እርጥብ ነበር።»

«መቼ?»

«በሄዳችሁ በማግስቱ፥ ማታ ለውሻው ይዤ ስመጣ።»

ቀኑን በልቤ ቆጠርኩ። ከዚያ በኋላ እንግዲህ በምርኩዝ እየተደገፉ፥ የቡቺን ሳህን በአንድ እጃቸው ይዘው፥ ጠዋትና ማታ ከእርሳቸው በር እስከ እኛ በር ተመላልሰዋል። «ጾሙን አያድርም» ብለው ነበርና አላደረም። እኔም በእነዚያ ስድስት ሌሊቶች አምስት ጊዜ ደውዬ ነበር። ከአምስቱ አራቱ ከወደቁ በኋላ ናቸው።

«እማማ፥ ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«አንተ የጠየቅኸኝ ስለ ውሻው ነው ልጄ፤ እኔም የጠየቅኸኝን ነገርኩህ» አሉኝ። ንግግራቸው ወቀሳ አልነበረበትም፤ እንዲያው ነበር ያሉት። ቀጥለውም «ደግሞ መንገደኛ አይረበሽም። እኔስ ስትደውል ደስ ይለኝ ነበር። ልጄ ከደወለችልኝ ሁለት ወር ሊሞላት ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ስልኩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እጠብቅህ ነበር» አሉኝ።

የተወደዳችሁ ሆይ፥ የመነኩሴው ጥያቄ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ውሻው እርሳቸው ዘንድ ነበር። እርሳቸውስ ማን ዘንድ ነበሩ? አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን በአጥሩ ወዲህ ውሻ፥ በአጥሩ ወዲያ ሰው ይጠብቀኝ ነበር። እኔ የናፈቅሁትም ያሰብኩትም ውሻውን ብቻ ነበር።

ስለ አልዓዛርና ስለ ባለጠጋው የተነገረውን ደጋግመን ሰምተናል (ሉቃ. 16፥19-31)። ባለጠጋው አልዓዛርን ደበደበው አልተባለም፤ ከደጁም አባረረው አልተባለም። አልዓዛር በደጁ ተኝቶ ሳለ እርሱ በየቀኑ ይደሰት ነበር። ወደ ድሃው ቀርበው ቁስሉን የላሱለት ውሾች ናቸው። ይህን ምንባብ ሳነብ ዘወትር ራሴን ከአልዓዛር ወገን አድርጌ ነበር የማስበው። ለውሻ የሚራራ ሰው ባለጠጋውን ሊሆን ይችላል ብዬ አልጠረጠርኩም። ዳሩ ግን ከግሸን አምባ ላይ ሆኜ የደረደርኳቸው ጥቅሶች ሁሉ ትክክል ነበሩ፤ ያልተስተካከልኩት እኔ ነበርኩ። ስለ ውሻው ለማሰቤ የሚጠቅም ማስረጃ ከኦሪት እስከ ገድላት ስፈልግ፥ በየማታው በስልክ የማናግራትን ነፍስ አንድ ጊዜ እንኳ «እርስዎስ በሉ?» ብዬ አልጠየቅሁም።

ታዲያ ስሕተቴ ውሻውን መውደዴ ነበርን? አይደለም። ቡቺን በመውደዴ ተማርኩ እንጂ አልጠፋሁም። አንድ ፍጡር በር ሥር ቆሞ ሲጠብቅ ምን ያህል እንደሚያሳዝን ያስተማረኝ እርሱ ነው። ስሕተቴ ትምህርቱን በውሻው ላይ ማቆሜ ነው። ጌታችን ስለ ድንቢጦች ሲናገር ከእነርሱ አንዲቱ ስንኳ በእግዚአብሔር ፊት እንደማትረሳ ካስተማረን በኋላ፥ ሰው ከብዙ ድንቢጦች እንደሚበልጥ አስታውሶናል (ሉቃ. 12፥6-7)። ድንቢጧን አቃልሎ አይደለም ሰውን ያከበረው፤ ድንቢጧን ከማሰብ ተነሥተን ሰውን ወደ ማሰብ እንድንወጣ ነው እንጂ። ለእንስሳ መራራት እንደ መሰላል የመጀመሪያ እርከን ነው። በእርከኑ ላይ ተቀምጦ መቅረት ግን መውጣት አይባልም።

በማግስቱ እናቴና እኔ እማማን ደግፈን ወደ ሕክምና ወሰድናቸው። ራጅ ተነሡ። እግዚአብሔር ይመስገን፥ አጥንታቸው አልተሰበረም፤ ወለምታ ነው ተባለ። እግራቸውን አሳርፈው እንዲቆዩ ታዘዙ። አሁን ቆመው ይሄዳሉ፤ ዳገት ላይ ግን ያነክሳሉ። ልጃቸው እስከ ዛሬ አልደወለችም። በስማቸውም በስሟም እንድትጸልዩ፥ ስሙን እግዚአብሔር ያውቀዋልና፥ አደራ እላችኋለሁ። ይህን በዐረብ ሀገር ሆናችሁ የምታነቡ እኅቶች፥ ስልክ የመያዝ ፈቃድ እንኳ የሌላችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን፤ ልፈርድባችሁ አልጻፍኩም። የምትችሉ ግን ለአንድ ደቂቃም ቢሆን ደውሉ። ስልኩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የምትጠብቅ እናት ትኖራለችና።

በመጨረሻ፥ ወደ ገዳማት ለመሳለም ወይም ለሌላ ጉዳይ ርቃችሁ ስትሄዱ እንስሳ የምትተዉ ካላችሁ፥ ከስሕተቴ የተማርኩትን ጥቂት ነገር ልንገራችሁ።

አንደኛ፥ እንስሳውን ቀድሞ ለሚያውቀው ሰው ተዉት። ውሻ በማሽተት ያውቃልና የለበሳችሁትን አሮጌ ልብስ መኝታው ላይ ብታደርጉለት ያጽናናዋል። ድመት ግን ከሰው ይልቅ ቦታዋን ስለምትለምድ፥ ከቤቷ ሳትወጣ ሰው እየመጣ ቢያያት ይሻላታል።

ሁለተኛ፥ የለመደውን ምግብ አትለውጡበት፤ ድንገተኛ ለውጥ ሆዱን ያውከዋል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀቱን ሊወጋው ይችላል፤ ሽንኩርትና ቸኮሌትም ለውሻ መርዝ ናቸው። እነዚህን ለጠባቂው ሳትነግሩ አትሂዱ።

ሦስተኛ፥ ውሻችሁን የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት አስከትቡ። ሉዊ ፓስተር በ1885 እ.ኤ.አ. ክትባቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ከሰጠ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን እስከ ዛሬ ገዳይ ነው። ያልተከተበ ውሻ ለጎረቤት ትቶ መሄድ ጎረቤትን ለአደጋ መተው ነው። ማንም ሰው ቢነከስ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

አራተኛ፥ ይህንም እኔ ሁሉን አውቄ የሳትኩት ነው፤ ከእንስሳው በፊት ጠባቂውን ጠይቁ። ጉልበቱ ይችላል? መንገዱ ያዳልጣል? የሚያግዘው ሰው አለ? ስትደውሉም «እንደምን አመሹ?» ብላችሁ መልሱን ጠብቁ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» እንላለን፤ ቅርብ የሚሆነው ግን በአጥር ስለተዋሰንን አይደለም።

አሁን ከዩኒቨርሲቲ ስመለስ ቡቺ እንደ ወትሮው በሩ ሥር ይጠብቀኛል። ራሱን ደባብሼው ይዤው ወደ እማማ በር እሄዳለሁ። «እማማ፥ እንደምን ዋሉ?» እላቸዋለሁ፤ መልሳቸውን እስኪጨርሱ እቆማለሁ። አንዳንድ ቀን መልሳቸው ረዥም ነው፤ ፈተና ሲኖርብኝ ትዕግሥቴ እንደሚያልቅም አልደብቃችሁም። ቡቺ ግን በሩ ላይ ተኝቶ ይጠብቃል፤ አይቸኩልም። በዚህ ረገድ ገና ከእርሱ እማራለሁ።

እናንተም ዛሬ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን፥ ከአጥራችሁ ወዲያ ማን እንደሚጠብቃችሁ አስቡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።